በሽታው ሳይደርስ ፋብሪካው ለምን ቆመ?

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ዚፕ መግጠም ነው። ከግራዋ የተቀመጠችው ልጅ ኪሱ ያለቀለትን ሱሪ ትገፋላታለች፣ እሷ ዚፑን ሰፍታ ለቀኝ ጎረቤቷ ታሳልፋለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። የካቲት 2012 ማብቂያ ላይ ደወለችልኝና «ዛሬ በጊዜ ለቀቁን፣ ዚፕ የለም» አለችኝ። በማግስቱም የለም። በሳምንቱም የለም።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። እሷ ስትደውልልኝ ኮምቦልቻ ላይ ማስክ ያደረገ ሰው አልነበረም። ከደሴ ሐረጎን ወርደው የሚመጡት ሚኒባሶች እንደ ወትሮው ጢም ብለው ነበር የሚጫኑት። የታመመ ሰው የለም፣ የተዘጋ መንገድ የለም፣ አዋጅ የለም። ላይኑ፣ የስፌት መስመሩ ማለቴ ነው፣ ግን ቆሟል።

ብዙ ሰው ወረርሽኝ ፋብሪካን የሚያቆመው ሠራተኛውን ስለሚያሳምም ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩን ሳየው ግን ሰው መታመሙ የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው። ፋብሪካ የሚኖረው በሰዓት ነው፤ ዕቃው፣ ሰውየው፣ ገንዘቡና ገዢው በየሰዓታቸው ከተገናኙ ሱሪ ይወጣል፣ አንዱ ከዘገየ የቀሩት ሦስቱ ቁጭ ብለው ወጪ እየበሉ ይጠብቁታል። ወረርሽኝ የሚያደርገው አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ ግን በተለያየ መጠን ማዘግየት ነው።

ከዚፑ እንጀምር። ከዚፕና ከቁልፍ እስከ ስፌት ክር ድረስ ብዙው የልብስ ግብዓት የሚመጣው ከቻይና ነው። ቻይና ዉሃንን የዘጋችው ጥር 14 ቀን 2012 ነው። ጊዜው ደግሞ የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ነበር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በሙሉ ወደ ገጠሩ ለበዓል ሄዷል። በዓሉ ተራዘመ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሠራተኛው በሄደበት ቀረ። ኮምቦልቻ ላይ ግን በዚያን ሰሞን ምንም የተሰማ ነገር የለም፤ ከመዘጋቱ በፊት የተጫነው ዕቃ ገና ባሕር ላይ ነው። ሳምንታት ተጉዞ ጅቡቲ ይራገፋል፣ በጋላፊ ይገባል፣ ሚሌ ላይ ይታጠፋል፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። የቦርከናን ነገር የምታውቁ ይገባችኋል። ደሴ ላይ ዶፍ ሲጥል ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ግን እየመጣ ነው። ጥር ላይ ቻይና ውስጥ የተዘጋው በር እኛ ዘንድ የደረሰው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው።

እና አንድ ዚፕ ስለጎደለ ብቻ ፋብሪካ ይቆማል ወይ? ይቆማል። አንድ ሱሪ 20 ዓይነት ግብዓት ቢፈልግና 19ኙ መጋዘን ሞልተው ቢቀመጡ፣ የምትሸጡት ሱሪ ዜሮ ነው። ዚፕ የሌለው ሱሪ በቅናሽ አይሸጥም። ጨርቁ ተገዝቷል፣ ተቆርጧል፣ ኪስ ተሰፍቶለታል፣ የብዙ ብር ዕቃ በጥቂት ብር ዕቃ ታግቶ ቁጭ ይላል። የአገር ውስጥ ጥጥ የሚፈትል ፋብሪካ ቢሆን ይሻለዋል፣ ግን እሱም ማቅለሚያው ከውጭ ነው፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው።

ታዲያ ለምን አስቀድመው አያከማቹም? ወሎ ላይ ያደገ ሰው ይሄን መጠየቁ አይቀርም። እኛ ጎተራ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዱን አንልም፣ 66ንም 77ንም ያየ አገር ነው። የዘመኑ የፋብሪካ ትምህርት ግን ተቃራኒውን ነው ሲያስተምር የኖረው። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ነው፣ ወለድ እየተከፈለበት አቧራ ይጠጣል፣ ስለዚህ ዕቃው በሚያስፈልግበት ቀን ብቻ ይምጣ ይላል። አሠራሩን ለዓለም ያስተማረችው ቶዮታ ናት፣ በደህና ጊዜም በእውነት ያተርፋል። ነገር ግን ቶዮታ ራሷ ከ2003ቱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ አንዳንድ ክፍሎችን፣ በተለይ ቺፕን (የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራበትን ትንሽ ክፍል)፣ ለወራት የሚበቃ ማስቀመጥ ጀምራ ነበር። መምህሯ ጎተራ ስትሠራ ተማሪዎቹ አላዩም።

ሹፌሮቹን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። መጋቢት ላይ ድንበሩ ለሰው ሲዘጋ የጭነት መኪና እንዲያልፍ ተፈቅዶ ነበር። ግን መኪና ያለ ሰው አይሄድም። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችና ረዳቶች በዚያ ሙቀት ምርመራ ይጠብቃሉ፣ ውጤት ይጠብቃሉ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ምግብ የሚሸጥላቸው ሰው በፍርሃት ይሸሻቸዋል። በሽታ ይዘው የሚመጡ ተብለው ተፈሩ። እኛ ቤታችን ተቀምጠን ስኳርና ዘይት ስናገኝ የነበረው እነሱ ስለነዱ ነው። ለፋብሪካው ደግሞ እያንዳንዱ የወረፋ ቀን የላይን ቀን ነው፣ የመኪናው ኪራይ ሲጨምርም የዚፑ ዋጋ አብሮ ይጨምራል።

አሁን ወደ ሰዉ እንምጣ። በሽታው ራሱ ኢትዮጵያ ገባ።

የስፌት ላይን ምን እንደሚመስል ካላያችሁ እንዲህ አስቡት። እንበል 40 ሰው በመስመር ተቀምጧል፣ እያንዳንዱ አንድ ስፌት ብቻ ይሰፋል፣ ጊዜውም በሰከንድ ተቆጥሮ ታርጌት ወጥቶለታል። ከ40ው 4 ሰው ቢቀር ምርቱ በአንድ አሥረኛ ብቻ የሚቀንስ ይመስላል። አይደለም። የሲራራ ነጋዴ ጉዞ በደካማዋ አህያ ፍጥነት ነው። ዚፕ የምትገጥመው ከቀረችና ቦታዋን አዲስ ሰው ከያዘው፣ ከእሷ በፊት ያሉት ይከምራሉ፣ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፣ የላይኑ ሁሉ ፍጥነት የአዲሷ ልጅ ፍጥነት ይሆናል።

ደግሞም ሰው ሲቀር አንድ በአንድ አይቀርም። የአክስቴ ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው። አንድ ፍራሽ ለሁለት፣ አንድ ምድጃ፣ በር ላይ አራት ጥንድ ጫማ። አራቱም የሚሠሩት በተለያየ ላይን ነው። አንዷ ግንቦት ላይ አተኮሳትና አራቱም ቤት ዋሉ። በአንዲት ልጅ ትኩሳት አራት ላይን ተጎዳ ማለት ነው። ፋብሪካው ውስጥ እርቀት ማስጠበቅ ይቻላል፣ በር ላይ ሙቀት መለካት ይቻላል፣ እጅ ማስታጠብ ይቻላል። ልጆቹ ማታ የሚያድሩበትን ክፍል ግን ማን ያሰፋዋል? በእኔ እምነት ያን ጊዜ ስለ ፋብሪካ ጥንቃቄ ከተባለው ሁሉ ያልተወራለት ነገር ይሄ ነው፣ ደሞዙ የሚያከራየው ክፍል ስንት ካሬ ነው የሚለው።

በፋብሪካው ውስጥም ቢሆን ጥንቃቄ ዋጋ አለው። ወንበር ተነስቶ እርቀት ሲሰጥ በዚያው አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ይቀንሳል። ሰርቪሱ በግማሽ ሲጭን ያው መኪና ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ነዳጁ እጥፍ ነው። የአዳራሹ ኪራይ፣ የባንክ ወለዱ፣ የጥበቃው ደሞዝ ግን ግማሽ አይሆንም። በወር 10,000 ሱሪ ላይ ይከፋፈል የነበረ ወጪ 5,000 ሱሪ ላይ ሲወድቅ እያንዳንዱ ሱሪ ይከብዳል። ገዢው ደግሞ ለኮሮና ብሎ ዋጋ አይጨምርም።

እንዲያውም ገዢው ጭራሽ ጠፋ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ፋብሪካ የወደቀው እዚህ ነውና።

መጋቢት ላይ አውሮፓና አሜሪካ ሱቅ ዘጉ። ሱቅ የዘጋ ነጋዴ ልብስ አይፈልግም። የልብስ ፋብሪካ ገንዘብ ደግሞ እንዴት እንደሚዞር እዩ። እንበል አንድ ሱሪ 100 ብር ይሸጣል። ፋብሪካው በመጀመሪያው ወር ጨርቁንና ግብዓቱን በ60 ብር ገዛ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ለደሞዝና ለመብራት 25 ብር ከፈለ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ጫነ። ገዢው የሚከፍለው ዕቃውን ከተረከበ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ፋብሪካው መቶ ብር ለማግኘት ለግማሽ ዓመት ያህል 85 ብር አውጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ተበድሮ አውጥቶ፣ ይጠብቃል ማለት ነው። ልክ ሊጭን ሲል ገዢው፣ ባየሩ የሚሉት፣ ኢሜይል ይልካል። «አትጫኑ» ይላል። 85ቱ ብር አሁን ካርቶን ውስጥ ነው። ለሌላ ልሽጠው እንዳይል የባየሩ ስም የተጻፈበት ታግ ተሰፍቶበታል። ላስቀምጠው እንዳይል የበጋ ልብስ ነው፣ ለክረምት አይሆንም።

ባንግላዴሽ ውስጥ በጥቂት ሳምንት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኦርደር ተሰርዟል ወይም ታግዷል። አንዳንዶቹ ትልልቅ ብራንዶች ከብዙ ጩኸት በኋላ ከፍለዋል፣ ለሠራተኛው ግን ያ ወር አልፏል። የእኛ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ከባንግላዴሽ ጋር ሲነጻጸሩ ገና ሕፃናት ናቸው። የኮምቦልቻው የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው፣ ወረርሽኙ ሲመጣ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ክፉ ቀን የሚያሻግር ትርፍ ለማጠራቀም አጭር ዕድሜ ነው።

ውልስ የለም ወይ? አለ። ብዙዎቹ ባየሮች የተደገፉት «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» በሚለው አንቀጽ ነው። በእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ላይ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም ሊገምተው ያልቻለና ውሉን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ከመጣ ባለ ዕዳው አይጠየቅም። ነገር ግን መፈጸሙ ውድ ሆነብኝ ወይም ከበደኝ ማለት አይበቃም። ይቺን ያዙልኝ፣ ደሴ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

መንግሥት ምን አደረገ የሚል ይኖራል። መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በደንቡም አሠሪ እንደፈለገ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ተከለከለ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ለቀቀ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሥራ ቆሞበት ደሞዝ ለሚከፍል ድርጅት የ4 ወር የሥራ ግብር ቀረለት። አለማሰናበቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ በዚያ ሰዓት ተበትነው ወደ ገጠር ቢሄዱ ረሃቡም በሽታውም አብሯቸው ይሄድ ነበር። ግን ክልከላ ካዝና ውስጥ ብር አይጨምርም፣ የባንክ ብድርም የሚደርሰው ባንክ ለሚያውቀው ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ አልተሰናበተችም። ኦቨርታይሟና የሥራ መገኘት አበሏ ግን ቀረ፣ እነሱ ሲቀሩ የተረፈው የቤት ኪራዩን ከፍሎ ለጤፍ አይተርፍም ነበር። ሰኔ ላይ ወደ እናቷ፣ ወደ ኩታበር ገባች።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ቤቱ የተቀመጠው የአሜሪካና የአውሮፓ ሰው ከወራት በኋላ ዕቃ መግዛት ጀመረ፣ ኮምፒውተሩን፣ ሶፋውን፣ የስፖርት ዕቃውን። እዚህ ላይ በሙያው ሰዎች ዘንድ የጅራፍ ነገር የሚባለው ይመጣል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ ያውቀዋል፣ እጀታውን ትንሽ ነቅነቅ ስታደርጉት ጫፉ አየር ሰንጥቆ ይጮሃል። ገበያም እንደዚያው ነው። ሱቁ ሽያጩ በጥቂቱ ሲቀንስ ከአከፋፋዩ በብዙ ይቀንሳል፣ አከፋፋዩ ደግሞ ፈርቶ ከፋብሪካው ከዚያም አብልጦ ይቀንሳል፣ ፋብሪካው ከግብዓት አምራቹ ጭራሽ ያቆማል። ሲመለስም እንዲሁ ተጋኖ ይመለሳል። ሁሉም በአንድ ቀን አምጣ አምጣ ይላል።

የመኪና አምራቾቹን እዩ። ወረርሽኙ እንደጀመረ ሰው መኪና አይገዛም ብለው የቺፕ ኦርደራቸውን ሰረዙ። የቺፕ ፋብሪካዎቹ ቦታውን ለኮምፒውተርና ለስልክ ሠሪዎች ሰጡት። በ2013 የመጀመሪያ ወራት የመኪና ገበያው ሲነቃ ተመልሰው ሄዱ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቁሙ ተባሉ። በ2013 በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ሳይሠራ ቀረ። ቺፑን አከማችታ የነበረችው ቶዮታም ሌሎቹን ቀድማ ብትቆይም በመጨረሻ መስከረም 2014 ገደማ የወር ምርቷን በ40 በመቶ ቆረጠች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ይሄ ነው።

ኮንቴይነሩም ተዘበራረቀ። ዕቃ ወደ አሜሪካ ይጎርፋል፣ ወደቡ ላይ የሚያራግፍ ሰው ታሟል ወይም ተለይቶ ተቀምጧል፣ ባዶው ኮንቴይነር ወደ ቻይና አይመለስም። ከወረርሽኙ በፊት በዋና ዋናዎቹ የዓለም መስመሮች ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ማስጫኛ በአማካይ 1,400 ዶላር ገደማ ነበር። በ2014 መግቢያ ላይ ከ10,000 ዶላር አለፈ።

ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ደሴ ይሂድ። እኔ የማውቀው አንድ ብረታ ብረት ቤት አለ፣ በርና መስኮት የሚሠራ፣ አራት ሰው ያለው። ባለቤቱን ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ ወደ ውጭ አይልክም፣ ከውጭም በቀጥታ አያስመጣም፣ ከሱቅ ነው የሚገዛው። በ2013 ለአንድ ሕንፃ በር ሊሠራ ዋጋ ቆርጦ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ ውል ፈረመ። ከዚያ ላሜራውና ኤልቲዜዱ (ለበርና ለመስኮት የሚሆነው ብረት) ከሳምንት ሳምንት ይጨምር ጀመር። የዓለም የብረት ዋጋ ወጥቷል፣ መርከቡ ተወዷል፣ ዶላሩ ጠፍቷል። ሱቅ ሲጠይቅ «ዋጋው ለዛሬ ነው ጋሼ፣ ለነገ አላውቅም» ይሉታል። ጋሼ ባለ ሕንፃውን ዋጋ አሻሽልልኝ አለው። ባለ ሕንፃው ውሉን አወጣ።

ያቺ የ1792 ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ናት። መወደድ ከአቅም በላይ አይባልም። ጋሼ በሮቹን ሠርቶ አስረከበ፣ በእያንዳንዱ በር ላይ ከኪሱ ጨምሮ። ብየዳ ማሽኑን ሸጦ ነው የጨረሰው። ትልቁ ባየር በዚያው አንቀጽ ስም አትጫኑ ብሎ ጠበቃ አቁሞ ሲከራከር፣ ጋሼ ቃሌ ነው ብሎ ከሰረ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የወረርሽኝ ኪሳራ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አስቀድሞ ከፍሎ ኋላ በሚቀበለው ሰው ላይ ነው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን።

ሁሉም ፋብሪካ ግን እኩል አይጎዳም። ጨርቅ ይጠብቃል፣ ቆዳ አይጠብቅም። በ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፣ ረመዳንም ወዲያው ገባ፣ ወሎ ላይ ሁለቱም የሁላችን ነው። የታረደው በግ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካልነካው ይበላሻል። ሰብሳቢው ካልተንቀሳቀሰ ቆዳው ቦይ ውስጥ ይጣላል፣ ቆዳ ፋብሪካው ደግሞ ከወራት በኋላ የሚያለፋው ቆዳ ያጣል። ቢራ ጠማቂው ሌላ ችግር አለበት፣ ማሽኑም ገብሱም አለ፣ መጠጥ ቤቱ ነው የተዘጋው። ጠርሙሱም አይመለስለትም።

ያተረፈም ነበር። ማስክ የሰፋ ልብስ ሰፊ ሁሉ ጥቂት ወር ሠርቷል፣ የጨርቅ ማስክ ባለው ማሽን፣ ባለው ክር ይሰፋል። የሐኪም ማስክ ግን ሌላ ነው። ቫይረስን የሚያግተው መሐል ያለው ስስ ንጣፍ ነው፣ እሱን የሚሠራ ማሽን ደግሞ ታዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ፋብሪካን ወደ ሌላ ምርት ማዞር በወሬ እንደሚባለው አይቀልም።

ከዚህ በኋላ የኮምቦልቻን ቁጥር እያዩ ኮሮና ምን እንዳደረሰ መለየት ይቸግራል፣ ምክንያቱም በ2014 ጦርነቱ ራሱ ከተማዋ ገባ፣ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ተሰረዘች። ያ ሌላ ቁስል ነው፣ ለብቻው ይጻፍበታል።

መነሳቱስ? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። መብራት ማጥፋትና ማብራት ይመስለዋል። ቆሞ የከረመ ማሽን ዘይቱ ይደርቃል፣ ቀበቶው ይሰነጠቃል። የራቀው ባየር ሌላ አገር ሌላ ፋብሪካ ለምዷል። ካዝናው ባዶ ስለሆነ ኦርደር ቢመጣ እንኳ ጨርቅ መግዣ የለም፣ ብዙ ፋብሪካ የሚሞተው ገበያ ሲጠፋ ሳይሆን ገበያው ሲመለስ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅ ነው የሚጠፋው። የአክስቴ ልጅ ዚፕ በጥራት ለመግጠም፣ ታርጌቷን ሳትሳቀቅ ለመሙላት ወራት ፈጅቶባታል። ያ ችሎታ በፋብሪካው መዝገብ ላይ እንደ ንብረት አይጻፍም።

መስከረም 2013 ላይ ለአክስቴ ልጅ ከፋብሪካው ተደውሎላት ነበር፣ ላይኑ ሊጀምር ነው ኑ ተብላ። ያኔ ኩታበር ላይ ከእናቷ ጋር ሽንኩርትና ቲማቲም መነገድ ጀምራ ነበር። «የቤት ኪራዩ ስንት ሆኗል?» ብላ ጠየቀች። ነገሯት። አልሄደችም። ወንበሯ ላይ ከተንታ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ተቀምጣለች፣ ከድሮ ጓደኞቿ አንዷ ናት የነገረቻት። መጀመሪያ ሰሞን ዚፑ እየተጣመመባት ሱሪው ሁሉ ይመለስ ነበር አሉ፣ ዚፑ ግን በጊዜው እየደረሰ ነው።